በጓሮ ኩሬ የአፈር ግድብ ላይ የሚበቅለውን ሣር፣ ቁጥቋጦና ዛፍ መቆጣጠር፦ ዝርዝር መመሪያ

ከቤቱ ጀርባ ወይም ከማሳው ግርጌ ውሃ የሚያቁርበት ኩሬ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ውሃው ነው። ውሃው እስከ ግንቦት ይደርስልኛል ወይ፣ ደለል ሞላው ወይ፣ ይሰርጋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ውሃውን ገድቦ የያዘውን የአፈር ክምር ግን ተሠርቶ እንዳለቀ ነገር ይቆጥረውና ይረሳዋል። ግድቡ በመጀመሪያው ክረምት ሣር ያበቅላል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወፍና ንፋስ ያመጡት የቀጋ፣ የአጋምና የወፍ ቆሎ ቡቃያ ይታይበታል፤ ባለቤቱም ራሱ ለጥላና ለማገዶ ብሎ ባሕር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ ይጨምርበታል። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ግድቡ ጫካ ይለብስና የአፈሩን ገጽ በዓይን ማየት የማይቻልበት ደረጃ ላይ ይደርሳል።

ይህ መመሪያ የሚያገለግለው ከፍታቸው ከአንድ እስከ ሦስት ሜትር ለሚደርስ ትንንሽ የአፈር ግድቦች ነው። ግድብዎ ከዚህ ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ከበታቹ መኖሪያ ቤት፣ መንገድ ወይም የከብት በረት ካለ፣ ዛፍ መንቀል ከመጀመርዎ በፊት የወረዳዎን የውሃ ወይም የመስኖ ባለሙያ ያማክሩ።

ለአነጋገር እንዲመች የግድቡን ክፍሎች እንደሚከተለው እጠራለሁ። ሰው የሚራመድበት የላይኛው ክፍል አናት፣ ውሃው የሚነካው ጎን የውሃ በኩል ገጽ፣ ከውሃው ተቃራኒ ያለው ደረቅ ጎን የውጭ ገጽ፣ የውጭው ገጽ ከመሬት ጋር የሚገናኝበት መስመር ግርጌ፣ ግድቡ በግራና በቀኝ ከተፈጥሮው ተዳፋት ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ትከሻ ይባላል። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ደግሞ ማስተንፈሻ ነው።

ሣር ይጠብቃል፣ ዛፍ ያዳክማል

ብዙ ሰው የዛፍ ሥር አፈርን አጥብቆ ስለሚይዝ ግድብንም ያጠነክራል ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ለተራራ ጎንና ለቦረቦር እውነት ነው። ለእርከንም እውነት ስለሆነ የግብርና ባለሙያዎች በእርከን ላይ ሰስባኒያ፣ ሉኪንያና ትሪ ሉሰርን እንዲተከል ይመክራሉ። ነገር ግን እርከን የሚይዘው ዝናብ ሲጥል ለአጭር ጊዜ የሚቆምን ውሃ ሲሆን፣ ግድብ ቀንና ሌሊት ለወራት የሚገፋውን ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ለእርከን የተሰጠን ምክር ወደ ግድብ ማዛወር አይገባም።

የዛፍ ሥር ውሃ ፍለጋ ወደ ግድቡ ሆድ ይዘልቃል። ዛፉ በሕይወት እያለ ሥሩ አፈሩን እየገፋ ስንጥቅ ያበጃል፤ ዛፉ ሲቆረጥ ወይም ሲደርቅ ደግሞ ሥሩ ይበሰብሳል ወይም ምስጥ ይበላውና በቦታው ባዶ ቱቦ ይቀራል። ኩሬው ሲሞላ ውሃው ያንን ቱቦ ያገኘዋል፤ መጀመሪያ በቀስታ ይሰርጋል፣ ከዚያም አፈር ይዞ መውጣት ይጀምራል፣ ቱቦውም እየሰፋ ሄዶ ግድቡን ከውስጥ ይቦረቡረዋል። ከዚህም ሌላ፣ በነሐሴ አፈሩ በውሃ በራሰበት ጊዜ ንፋስ አንድን ትልቅ ዛፍ ከነሥሩ ቢገነድሰው፣ ዛፉ የግድቡን አካል ቆርሶ ይዞ ይወድቃል። ጥላውም ጉዳት አለው፦ ከሥሩ ያለው ሣር ይሞታል፣ የተራቆተውን አፈር ደግሞ ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበው ዝናብ ያጥበዋል።

ዝቅ ብሎ የተነጠፈ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ግን ገጹን ከዝናብ ጠብታና ከሞገድ ይከላከላል፤ የሚበዛው ሥሩም በላይኛው የአፈር ንጣፍ ላይ ይቀራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለቤቱ ግድቡን እንዲያይ ያስችለዋል። በእኔ እምነት ከሣሩ ጥቅሞች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የትንሽ ግድብ አደጋ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ምልክት የሚሰጥ ሲሆን፣ ምልክቱ በቁጥቋጦ ተሸፍኖ ሳይታይ ይቀራል።

ደረጃ አንድ፦ ማጭድ ከማንሳትዎ በፊት ግድቡን ያንብቡ

የበቀለው ነገር ራሱ መረጃ ስለሚሰጥ ሁሉንም አጭዶ ከመጣል በፊት መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህ የሚመቸው ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ወቅት ነው፤ ዝናብ የለም፣ በዙሪያው ያለው ሣር ሁሉ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፣ በኩሬው ውስጥ ግን ገና ውሃ አለ። በውጭው ገጽና በግርጌው ላይ በቀስታ እየተራመዱ ከሌላው ተለይቶ የለመለመ ቦታ ይፈልጉ። በደረቅ ወር በውጭው ገጽ ላይ ለምለም ሣር ካዩ፣ ይልቁንም ቀጤማ ወይም ሌላ እርጥበት ወዳድ ተክል በግርጌው ላይ በቅሎ ካገኙ፣ በዚያ ቦታ ውሃ እየሰረገ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ቦታ በችካል ምልክት ያድርጉበት። ከተቻለ በትንሹ ቆፍረው የሚወጣውን ውሃ በብርጭቆ ይቅዱና ያስቀምጡት። ውሃው ጥርት ያለ ከሆነና መጠኑ ከወር ወር ካልጨመረ ነገሩ ክትትል እንጂ ድንጋጤ አይፈልግም። ደፍርሶ ከወጣ ወይም ከብርጭቆው ሥር አፈር ከተቀመጠ ግን የግድቡ አካል እየታጠበ መሆኑን ያመለክታል፤ በዚህ ጊዜ የሚደረገውን በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

በዚያው ጉብኝት የፍልፈል ጉብታ፣ የጃርትና የአይጥ ጉድጓድ፣ የከብት መሄጃ ዱካ፣ በአናቱ ላይ ያለ ስንጥቅና የሰመጠ ቦታ ሁሉ ይመዝገብ። ዛፎቹንም ይቁጠሩ፤ የእያንዳንዱን ግንድ ውፍረት ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብለው ይለኩ፤ የሚቆረጥበትን መንገድ የሚወስነው ይህ ልክ ነው።

ደረጃ ሁለት፦ ሣሩንና ቁጥቋጦውን ማጽዳት

ሣሩ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይታጨዳል። የመጀመሪያው አጨዳ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ድረስ ሲሆን፣ ኩሬው ጢም ብሎ የሞላበትና ግድቡ ትልቁን ጫና የተሸከመበት ጊዜ ስለሆነ የተገለጠውን ገጽ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ሁለተኛው ከክረምቱ መግቢያ በፊት፣ በግንቦት ውስጥ ይከናወናል። በልግ በሚዘንብባቸው አካባቢዎች አንድ ተጨማሪ አጨዳ ሊያስፈልግ ይችላል።

ሣሩን እስከ አፈሩ ድረስ አይላጩት። ከመሬት ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ቢተርፍ ሥሩ ጠንክሮ ይቆያል፣ ገጹም አይራቆትም። የታጨደውን ሣር ሰብስበው ለከብት ይስጡት ወይም ለብስባሽ ያዘጋጁት፤ በግድቡ ላይ ተከምሮ ከቀረ ከሥሩ ያለውን ያፍነዋል፣ ወደ ኩሬው ከወደቀም ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚያሟጥጥ ዓሣ ካለ ይጎዳል። ሣሩን በእሳት ማቃጠል ፈጽሞ አይገባም፤ የተቃጠለ ግድብ ክረምቱን ራቁቱን ይቀበላል።

ቀጋ፣ አጋም፣ የወፍ ቆሎና የመሳሰሉትን በገጀራ ከላይ ብቻ መቁረጥ በየዓመቱ ይበልጥ እየበዙ እንዲያቆጠቁጡ ያደርጋቸዋል። ገና ቡቃያ ሳሉ፣ አፈሩ ከዝናብ በኋላ ርጥበት እያለው በእጅ ከነሥራቸው መንቀል ይሻላል። ያደጉትን በዶማ ከነዋና ሥራቸው ያውጡና ጉድጓዱን ወዲያውኑ በሸክላማ አፈር ሞልተው ይጠቅጥቁት። ረዥም ጫማ ያድርጉ፤ ችምችም ያለ ቁጥቋጦ የእባብ መጠለያ መሆኑ አይረሳ።

ፀረ አረም መድኃኒትን በሚመለከት ምክሬ ግልጽ ነው፦ ከውሃው የሚጠጣ ሰው፣ ከብት ወይም ንብ ካለ፣ ወይም በኩሬው ውስጥ ዓሣ ካለ፣ ለግድቡ መድኃኒት አይርጩ። በገበያ ላይ የሚሸጠው ግላይፎሴት ራሱ ከተለያዩ ረዳት ፈሳሾች ጋር ተቀላቅሎ የሚቀርብ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዓሣንና እንቁራሪትን ይገድላሉ። በዚህ ስፋት ያለ ግድብ በማጭድና በዶማ የሚሸነፍ ነው።

ደረጃ ሦስት፦ ዛፎቹን በውፍረታቸው ለይቶ ማስወገድ

የዛፍ ሥራ ውሃው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ በሚደርስበት ከመጋቢት እስከ ግንቦት አጋማሽ ባለው ጊዜ መከናወን አለበት። ኩሬው በሞላበት ጊዜ ጉቶ መንቀል ግድቡን በገዛ እጅ እንደመብሳት ይቆጠራል። ዛፎቹ ብዙ ከሆኑ ሁሉንም በአንድ በጋ ለመጨረስ አይጣደፉ፤ ዝናቡ ሳይደርስ ነቅለው፣ ሞልተውና ጠቅጥቀው ሊጨርሱ የሚችሉትን ያህል ብቻ ይጀምሩ። ተቆፍሮ ክፍት የቀረ ጉድጓድ ከቆመ ዛፍ ይልቅ ያሰጋል።

የግንዱ ውፍረት ከ10 ሳንቲሜትር በታች ከሆነ ዛፉን ከመሬት እኩል መቁረጥ ይበቃል፤ ሥሩ ቀጭን ስለሆነ ሲበሰብስ የሚተወው ክፍተትም ትንሽ ነው። ነገር ግን ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ መከታተል ይገባል። ባሕር ዛፍ በተለይ በዚህ ባሕርይው የታወቀ ነው፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ለአገራችን የማገዶና የቤት ሥራ እንጨት ሆኖ የቆየው ተቆርጦ መልሶ ስለሚያድግ ነው። ያለ መድኃኒት ለማድረቅ፣ በጉቶው ዙሪያ ያለውን አፈር ትንሽ ጎርጎር አድርገው ልጡን ከመሬት በታች እስከ ሥሩ መጀመሪያ ድረስ ይላጡት፣ ከዚያም ብርሃን በማያሳልፍ ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ሸፍነው ጫፉን በአፈር ይጫኑት። የሚወጣውን ቡቃያ ሁሉ ሳያድግ መግፈፍ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያሰልሱ ከቀጠሉ ጉቶው ያከማቸው ኃይል አልቆ ይሞታል።

ከ10 ሳንቲሜትር በላይ የሆነ ዛፍ ግን ቆርጦ ጉቶውን መተው አይበቃም። ሥሩ ወፍራም በመሆኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚተወው ቱቦ አደገኛ ነው። ስለዚህ ግንዱ ከተቆረጠ በኋላ ጉቶውና ከጣት የሚወፍሩት ሥሮች ሁሉ ተቆፍረው መውጣት አለባቸው። ጉቶውን በእሳት አቃጥሎ ለመጨረስ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፤ እሳቱ ሥሩን ተከትሎ ገብቶ የሚፈራውን ባዶ ቱቦ ራሱ ስለሚያበጅ ይህን ዘዴ አልመክርም። በውሃ በኩል ገጽ ላይ፣ ከተለመደው የውሃ መስመር በታች ሥር የሰደደ ትልቅ ዛፍ ካለ፣ ወይም ጉድጓዱ ከግድቡ ውፍረት ሲሶ የሚያህለውን የሚወስድ ከመሰለ፣ ሥራውን ያለ ባለሙያ አይጀምሩት።

ግድቡን ብቻ ሳይሆን ከግርጌውና ከትከሻዎቹ ውጭ ያለውን 7 ወይም 8 ሜትር ያህል መሬትም ከዛፍ ነጻ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሥር በድንበር አይቆምም። ባሕር ዛፍ ከሆነ ከዚህም ይራቅ።

ደረጃ አራት፦ ጉድጓዱን መሙላት

ከጠቅላላው ሥራ በጥድፊያ የሚበላሸው ይህ ክፍል ስለሆነ በዝርዝር ልግለጽ። በመጀመሪያ የጉድጓዱን ጎኖች ቀጥ ብለው እንዳይቀሩ ሰፋ አድርገው በደረጃ መልክ ይቁረጧቸው፤ አዲሱ አፈር ከአሮጌው ጋር ተያይዞ የሚቀመጠው በደረጃዎቹ ላይ ነው፣ ልሙጥና ቀጥ ያለ ጎን ግን በሁለቱ መካከል የውሃ መንገድ ይተዋል። ልል አፈር፣ ቅጠልና የሥር ቁራጭ ሁሉ ተጠርጎ ይውጣ። የጉድጓዱ ግድግዳ ደርቆ ከሆነ ውሃ ይርጩበትና ገጹን በዶማ ጫር ጫር ያድርጉት።

የሚሞላው አፈር ሸክላማ፣ ድንጋይና ሥር የሌለበት ሊሆን ይገባል። ቀይ ሸክላማ አፈር ለዚህ ይስማማል። ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ግን ውሃ ሲያገኝ አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ለጥገና አይመረጥም። የአፈሩን ርጥበት በእጅ ይፈትኑት፦ ጭብጥ ሲያደርጉት ቅርጹን ጠብቆ ከተቀመጠና መዳፍዎን ካላራሰ ልኩ ነው፤ ከተበተነ ውሃ ይጨምሩ፣ ከተንጨፈጨፈ ያድርቁት።

አፈሩን በአንድ ጊዜ አይገልብጡት። ከ15 ሳንቲሜትር የማይበልጥ ንጣፍ ያፍሱ፣ በከባድ መጠቅጠቂያ ተረከዝ የማይሰምጥበት እስኪሆን ድረስ ይጠቅጥቁ፣ ገጹን ጫር አድርገው ቀጣዩን ንጣፍ ያስከትሉ። መጨረሻ ላይ ከግድቡ ገጽ ጥቂት ከፍ አድርገው ይተዉት፤ አዲስ ሙሌት በመጀመሪያው ክረምት ይቀመጣል። በቀጣዩ መስከረም ኩሬው ሲሞላ ይህን ቦታ አስቀድመው ይመልከቱ።

ደረጃ አምስት፦ ተገቢውን ሣር ማልበስ

ለግድብ ልብስነት ሰርዶን የሚያህል የለም። በመሬት ላይ እየተሳበ ያድጋል፣ አጭር ነው፣ ድርቅን ይችላል፣ ሲረገጥም ያገግማል፣ ከየትም ያለ ወጪ ይገኛል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይጠይቃል፦ ከአትክልት ማሳ ጋር ከተዋሰነ እየተሳበ ስለሚገባ በመካከል አንድ ክንድ ያህል ስፋት ያለው ዘወትር የሚኮተኮት ሰቅ ይተዉ።

ዝናቡ በሰኔ ከተረጋገጠ በኋላ ገጹን ሁለትና ሦስት ጣት ያህል ብቻ ጫር ያድርጉት። ቢያንስ ሦስት አንጓ ያለውን የሰርዶ ቁራጭ ከአንድ ስንዝር በማይበልጥ ርቀት፣ በተዳፋቱ አግድም በተሰለፉ መስመሮች፣ አንዱ ጫፉ ወጣ ብሎ እንዲታይ አድርገው ይቅበሩትና በእግር ይርገጡት። በላዩ ስስ ጭድ ቢበተን ኃይለኛ ዝናብ አያጥበውም። ማዳበሪያና እበት ወደ ኩሬው ታጥቦ ውሃውን አረንጓዴ ስለሚያደርግ፣ ካስፈለገ በውጭው ገጽ ላይ ጥቂት የበሰለ ብስባሽ ብቻ ይጠቀሙ። የመጀመሪያው ክረምት እስኪያልፍ ቦታው በእሾህ ይታጠር።

ስለ ቬቲቨር ብዙ ሰው ይጠይቃል። ሥሩ ወደ ታች ሦስት ሜትርና ከዚያም በላይ የሚወርድ፣ በዘር የማይዛመት፣ በኢሉባቦርና በሌሎችም አካባቢዎች ለአፈር ጥበቃ የታመነ ሣር ነው። ይሁን እንጂ ትልልቅ ጉብታ ሠርቶ ከሰው ቁመት ሊደርስ ስለሚችል በግድቡ ገጽ ላይ በብዛት ከተተከለ እይታን ይጋርዳል። ስለዚህ በትከሻዎቹ ላይ ጎርፍ በሚወርድበት መስመርና በማስተንፈሻው ዳርና ዳር፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ርቀት በአንድ ረድፍ ቢተከል እመርጣለሁ። ከጨንቻ አካባቢ ተነሥቶ የተስፋፋው ደሾ ሣር ጥሩ የከብት መኖ ቢሆንም ቁመቱ ከፍ ስለሚል ቦታው ከግርጌው ወዲያ ነው። ዝሆን ሣር፣ ሸንኮራ፣ ሙዝና ጌሾ ግድቡ ላይ አይተከሉም፤ ውሃ አጠገብ መትከል ከፈለጉ ኩሬው ከተፈጥሮ መሬት ጋር በሚዋሰንበት በኩል፣ ጎርፉ ከሚገባበት መስመር ወጣ አድርገው ይትከሏቸው።

የውሃው ዳርና ማስተንፈሻው

በውሃ በኩል ገጽ ላይ ፊላ፣ ደንገልና ቀጤማ ይበቅላሉ። ጥቂቱ ሞገድን ያበርዳል፤ ሲበዛ ግን የውሃውን መስመር ይሸፍናል፣ የአይጥም መደበቂያ ይሆናል። ፊላን ለመቀነስ በበጋ ግንዱን ከውሃው ወለል ቢያንስ አንድ ስንዝር በታች ይቁረጡት፤ አየር ወደ ሥሩ የሚያስተላልፈው ግንድ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ሲቀር ሥሩ ይታፈናል። ሞገድ የሚበላው ቦታ ካለ በአትክልት ከማዳን ይልቅ ከሥሩ ጠጠር፣ ከላዩ ድንጋይ መደርደር ዘላቂ ነው። እምቦጭን ለጌጥ ብሎ ወደ ኩሬ ማስገባት ደግሞ በጣና የደረሰውን ወደ ጓሮ መጋበዝ ነው።

ማስተንፈሻው ምንጊዜም ክፍት ይሁን። አጭር ሣር ይልበስ እንጂ ቁጥቋጦ፣ የወደቀ ቅርንጫፍ፣ የአጥር እንጨት አይኑርበት፤ ውሃ መውጫ ሲያጣ በአናቱ ላይ ይፈሳል፣ በአናቱ ላይ የፈሰሰበት የአፈር ግድብም በሰዓታት ውስጥ ሊፈርስ ይችላል። በየሰኔው መጀመሪያ ይጽዳ።

ከብትና ቆፋሪ እንስሳት

ከብት በግድቡ ላይ እንዳይሰማራ፣ ሣሩ ታጭዶ ይቅረብለት። በክረምት አንድ ላም በየቀኑ የምትወርድበት ዱካ እስከ መስከረም የጎርፍ ቦይ ይሆናል። በጎች በደረቅ ወር ለአጭር ጊዜ ቢግጡ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ለመጠጥ ከግድቡ ራቅ ያለ በድንጋይ የተነጠፈ መውረጃ ወይም ገንዳ ያዘጋጁ።

የፍልፈል ጉብታ ሲታይ መንገዱ እስኪገኝ ተቆፍሮ በሸክላማ አፈር ይሞላና ይጠቅጠቅ፤ አፉን ብቻ መድፈን ውስጡን ባዶ ይተወዋል። ሣሩ አጭር ሆኖ ከቆየ አይጥና ጃርት መሸሸጊያ ስለሚያጡ ሥራው ይቀልልዎታል።

የደፈረሰ ውሃ ከታየ

በግርጌው ላይ ደፍርሶ የሚወጣ ውሃ፣ በአናቱ ላይ አዲስ ስምጠት ወይም በውጭው ገጽ ላይ የተንሸራተተ አፈር ካዩ፣ በመጀመሪያ ከበታች ያሉ ሰዎችና ከብቶች እንዲርቁ ያድርጉ፤ የወረዳውንም ባለሙያ ያስጠሩ። ከዚያም ውሃውን በፓምፕ፣ ወይም ፓምፕ ከሌለ ውሃው የሚወጣበት ጫፉ ከኩሬው ወለል በታች በሚወርድ ረዥም ጎማ ስበው በማስተንፈሻው በኩል ቀስ በቀስ ይቀንሱ። ውሃው ቶሎ እንዲወርድ ብሎ ግድቡን መቦደስ አይገባም፤ በራሰ ግድብ ላይ የተከፈተ ቦይ ወዲያው ስለሚሰፋ መዝጋት አይቻልም። የሚሰርገውን ቦታ በጭቃ ለመድፈን መሞከርም ውሃውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይገፋዋል። ይልቁንም በሚወጣበት ቦታ ላይ ንጹሕ አሸዋ፣ በላዩም ጠጠር ይከምሩበት፤ ውሃው ያልፋል፣ አፈሩ ግን በአሸዋው ተይዞ ይቀራል፤ ባለሙያው እስኪደርስም ጊዜ ይገኛል።